የቅንጭቡ አጥር

እትዬ ዘነበች፣ የእጅ ጽሑፌ ስለማያምር ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስምንተኛ ክፍልን የጨረስሁት እንደ ምንም ስለሆነ ፊደልም እሳሳታለሁ፤ የጎደለውን እየሞሉ ያንብቡት።

እሑድ ለቤተ ክርስቲያናችን ሕንፃ ሲጸለይ፣ «ምን እንደምሰጥ ጌታን ጠየቅሁት፤ እሱ ግን ዝም አለኝ። ዝም ሲል ምን ይደረጋል?» ብለው ነበር። እኔ መልስ መጥቶልኝ ነበር፤ ግን ሰው ፊት አፌ ስለሚተሳሰር ይኸው በምሳሌ ጻፍሁልዎ።

አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው፤ እግዚአብሔርን የሚፈራ፣ እጁም የማይሰስት። የሚኖረው በወንዝና በኮረብታ መካከል ነው። ያገሩ ሰው ኮረብታው ላይ ቤተ ክርስቲያን ሊሠራ ተነሣ፤ ድንጋዩ ያለው ግን ታች ወንዙ ውስጥ ነበር። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ፣ «አቅም ያለው ሁሉ ድንጋይ ይሸከም፤ ከዚያ በላይ ምን እንደሚሰጥ ደግሞ እያንዳንዱ ጸልዮ ይጠይቅ» አሉ።

ከወንዙ ወደ ኮረብታው በቀጥታ ለሚወጣ ሰው አቋራጩ በገበሬው ማሳ ውስጥ ነበር። ማሳው ግን ዙሪያውን በቅንጭብ ታጥሯል። አባቱ ሊሞት ሲል፣ «ልጄ፣ ማሳህን እግር አታስለምድ። ዛሬ ሰው ካለፈበት ነገ ከብት ይነዳበታል፤ ከነገ ወዲያ መንገድ ነው» ብሎት ነበር። ልጆቹን የሚያበላው በርበሬም የሚበቅለው እዚያው ላይ ነው። እናም ድንጋይ ተሸካሚው ሁሉ አጥሩን ታክኮ፣ ገደል ገደሉን ዞሮ ይወጣል።

ገበሬው ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ አጥሩ ሥር ይንበረከካል። «ጌታ ሆይ፣ ምን ልስጥህ? ብቻ ንገረኝ» ይላል።

መልስ አልመጣም። ለሠራተኞቹ ምግብ ይሁን ብሎ ወይፈኑን ሰጠ። ሽማግሌዎቹ መረቁት፤ ልቡ ግን አላረፈም። ለጣሪያው ባሕር ዛፉን ቆርጦ ሰጠ፤ አሁንም አላረፈም። ይባስ ብሎ ከአጥሩ ወዲያ የተሸካሚዎቹ ማቃሰት ጸሎቱን ይበጠብጥበት ጀመር። ድምፁን ከፍ አደረገ፤ አልሆነም። ጓዳ ገብቶ ጸለየ፤ እዚያም ይሰማዋል።

አንድ ቀን ጠዋት እንደገና አጥሩ ሥር ተንበርክኮ ሳለ፣ አንዲት አሮጊትና አንዲት አዲስ ሙሽራ ከአጥሩ ወዲያ ድንጋያቸውን አውርደው ትንፋሽ ሊወስዱ ተቀመጡ።

«እማማ፣ ቀስ ብለው ያውሩ እንጂ፤ ጋሼ እየጸለዩ ነው» አለች ሙሽራዋ።

«ምን ይላል?»

«‹ምን ልስጥ› ነው የሚሉት። ክረምቱ ከወጣ ጀምሮ ይኸንኑ ነው።»

«ታዲያ ምን ተባለ?»

«እስካሁን ምንም።»

አሮጊቷ ሳቀች። «እንግዲያው እኔም ላግዘው። ጌታዬ፣ ለዚህ ደግ ሰው ቶሎ መልስለት። እስክትመልስለት ጉልበቴ የሚቆይልኝ አይመስለኝም።» ከዚያ፣ «በይ አሸክሚኝ» አለች።

ገበሬው ድምፅዋን ያውቀዋል፤ ልጆቹን በሙሉ ያዋለደችው እሷ ናት። ዓይኑን ገለጠ። ወይፈኑንም ዛፉንም የሰጠው ጌታ የዚህን ማሳ ነገር እንዳያነሣበት መሆኑን ልቡ ያውቅ ነበር። ገብቶ ገጀራውን አመጣ። የአባቱ ቃል ትዝ አለው፤ ቢሆንም ሲቆረጥ ከሚረጨው ዓይን የሚያቃጥል ነጭ ወተት ፊቱን እያሸሸ ቅንጭቡን ይጥለው ጀመር።

አሮጊቷ በክፍተቱ ብቅ ስትል በርበሬውን አየችና ቆመች።

«ልጄ፣ እረግጠዋለሁ እኮ።»

«ይረገጥ፣ እማማ። ይለፉ» አለና ድንጋዩን ከጀርባዋ ተቀበላት።

አባቱ እንዳለውም ሆነ። መጀመሪያ ሰው፣ ቀጥሎ ከብት አለፈበት፤ ቤተ ክርስቲያኑ ካለቀ በኋላም መንገድ ሆኖ ቀረ። በርበሬውም አነሰ። ገበሬው ግን ከዚያ ወዲህ ሲጸልይ ከሰው ድምፅ ሸሽቶ ጓዳ አልገባም።

እትዬ ዘነበች፣ የእርስዎም ነገር እንደ ገበሬው ይመስለኛል። ጌታ ዝም አላለውም፤ ያ ሲጸልይ የሚረብሸው ማቃሰት መልሱ ነበር። እርስዎም ሲጸልዩ የሚረብሽዎትን ነገር ልብ ይበሉት፤ ምናልባት እሱ ይሆናል። አጥርዎ የቱ እንደሆነ እኔ አላውቅም።

የኔን ግን አውቃለሁ። ባለፈው ወር መጋቢያችን፣ «እናቶች ድንጋይ ሲሸከሙ ሕፃናቱን ሰብስቦ ፊደል የሚያስቆጥር፣ መዝሙር የሚያስጠና ማን አለ?» ሲሉ አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ፣ «ይቺ ልጅ ጎበዝ ናት፤ ከጎልማሳ እኩል ድንጋይ ትሸከማለች» ይለኛል። ለማንም ነግሬ የማላውቀውን ለእርስዎ ልንገርዎት፦ ድንጋዩን የምሸከመው ጌታ የሕፃናቱን ነገር እንዳያነሣብኝ ብዬ ነው።