የአንጓች የመጀመሪያ እሸት

በአንድ ወቅት፣ ለሁላችንም ጤና ይስጠንና፣ ዙሪያው ገደል በሆነ አምባ ላይ አንጓች የምትባል ልጅ ነበረች። እናቷ በወሊድ ስትሞት አክስቷ ደብሪቱ ወሰደቻትና፣ «ይህችን ልጅ ካሳደግህልኝ እግሯ ከዚህ አምባ አይወርድም» ብላ ለፈጣሪ ተሳለች። ልጅቱ አደገች፤ ስለቱም እንዳለ ነበር። መውጫና መውረጃው አንድ ገመድ ነው፤ እሱንም አክስትየዋ ተንተርሳው ትተኛለች።

አንጓች ከላይ ሆና የሰው እርሻ ስታይ ትውላለች። «የራሴን መሬት ቆፍሬ፣ የራሴን እሸት ሳልበላ አልሞትም» ትላለች።

«ምን አጎደልኩብሽ?» ትላታለች አክስቷ።

«መንገዱን፣ እቴቴ።»

አንድ ቀን ከገደሉ ሥር ቆዳ የሚያለፋውን ዳምጠውን ጠራችው። «አንተ! እኔን የሚችል ጠፍር ትሠራለህ?»

«አንቺን? ምን ታክያለሽና!» ብሎ ሳቀ። ሳቀ እንጂ አልቀለደም፤ ያለውን አንድ በሬ አርዶ ከቆዳው ረጅም ጠፍር አወጣ። መዳፏን እንዳይልጣት ብሎም ቅቤ አጠጣው። እሷ የፈተለችውን ክር ገምዳ ቁልቁል ለቀቀች፤ እሱ ጫፉ ላይ አሰረላት፤ ጎትታ ወሰደችው።

ጠፍሩን ወይራ ግንድ ላይ ቋጥራ እኩሌታውን እንደ ወረደች አክስቷ ቢላ ይዛ ደረሰች። «ስለቴን አታስፈርሺኝ! ተመለሺ፣ አለዚያ እቆርጠዋለሁ!»

«አልመለስም!»

ከታች ተሰማ የሚባል ገበሬ ያርስ ነበር። የሚያርሰው መሬት የደብሪቱ ነው፤ አፉን ከከፈተ ነገ የሚያርሰው የለውም። ከፈተው። «በሕግ አምላክ! እመት ደብሪቱ፣ በሕግ አምላክ እንዳይቆርጡት!» በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ደግሞ ባለበት ይቆማል። ቢላው አየር ላይ ቀረ።

ይኸኔ ያ ቅቤ የጠጣ ጠፍር ከቋጠሮው ሾለከ። ደብሪቱ ቢላውን ወርውራ በባዶ እጇ ያዘችው። ጎትታ ብትመልሳት ስለቷ ይጸና ነበር። እሷ ግን እያለቀሰች ቀስ አድርጋ ወደ ታች ለቀቀቻት። የመዳፏ ቆዳ ጠፍሩ ላይ ቀረ። ስለቷን አፈረሰች፤ አምላክ ይቅር ይበላት።

ዳምጠው ሽማግሌ ልላክ አለ። ተሰማም እንደዚያው።

«ከአምባ ወርጄ ደግሞ ሰው ትከሻ ላይ ልውጣ? ተዉኝ እስቲ፣ ወንድሞቼ» አለቻቸው። ተሳሳቁና ተዉአት። ጠፍ መሬት ለምና፣ በዶማ ቆፍራ ባቄላ ዘራች። ዝናቡም አልከፋ፣ ተመስገን፣ አሸተላት።

በአገሩ ልማድ የመጀመሪያውን እሸት የሚቀምሰው ከሁሉ የበለጠ ውለታ የዋለ ሰው ነው፤ እሱ መርቆ ሲቀምስ ማሳው ይባረካል። ዳምጠው ያለ በሬ፣ ተሰማ ያለ መሬት መጥተው ተቀመጡ። ደብሪቱም እጇን በጨርቅ ጠቅልላ መጣች።

«ጠፍሩ ባይኖር...» ብሎ ሲጀምር ዳምጠው፣

«ያንተ ቅቤማ ሊገድላት ነበር!» አለ ተሰማ።

«ቢላ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ለእኔ አይገባም» አለች ደብሪቱ።

አንጓች ባቄላውን ፈልፍላ፣ የመጀመሪያዋን ፍሬ መዳፏ ላይ አድርጋ ሦስቱንም አየች።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ በሬውን ላረደላት፣ መሬቱን ላጣላት፣ ወይስ ስለቷን ላፈረሰችላት? ለማን ታቅምስ?