የወረፋ ድንጋይ በኃላፊው ወንበር ላይ

አቶ ጥላዬ የሚባሉ የቤት ምዝገባ ኃላፊ የባለጉዳይ መዝገብ ኮምፒውተራቸው ላይ ከፍተው፣ ሳይዘጉ ስብሰባ የመሄድ አመል ነበረባቸው። እሳቸው የከፈቱትን መዝገብ ደግሞ ሌላ ሠራተኛ ማረም አይችልም።

አንዲት ሴት ቤቷ በስህተት በጎረቤቷ ስም ተመዝግቦባት፣ መዝገቧም እሳቸው ከፍተው የተዉት ስለሆነ የሚያርምላት አጥታ፣ ወረፋዋን በድንጋይ እየያዘች ሦስት ቀን ተመላለሰች። ጎረቤትየው ግቢዋን በእርምጃ መለካት ጀምሯል። በአራተኛው ቀን ቢሯቸው ገብታ ጠበቀቻቸው።

«ቀድሞ የከፈተው ሰው እስኪዘጋ ሌላው ይጠብቃል! ሕጉ ነው፣ አልገባሽም?» አሏት ገና ከበር። ሊቀመጡ ሲሉ ወንበራቸው ላይ ድንጋይ አዩ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የወረፋ ድንጋዬ ነዋ! ወንበሩን ቀድሜ ይዤዋለሁ» አለች ወደ በሩ እየሄደች። «እኔም ስብሰባ አለብኝ፤ እስክመለስ ቆመው ይጠብቁኝ።»