የአያ ጅቦ ጋራዥና ጥቁሩ ጭስ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት መኪና መንዳት በለመዱበት ዘመን፣ አንዲት አህያ አሮጌ ፒክአፕ ነበረቻት። መኪናዋን በቀላል አላገኘቻትም። ጀርባዋ ገጣባ እስኪሆን ድረስ የአገሩን ጭነት ለዓመታት ተሸክማ ነው የገዛቻት። ከዚያ ወዲህ ግን ከወንዙ በበርሜል ውሃ እየቀዳች፣ በመኪናዋ እየጫነች፣ ዳገቱ ላይ ለሚኖሩት እንስሳት ታደርስ ጀመር። ጀርባዋም ዳነ፤ ጠጉር አበቀለ።

አንድ ቀን ዘይት ለማስቀየር ወደ አያ ጅቦ ጋራዥ ሄደች። በዚያ አገር ሌላ መካኒክ አልነበረም። በማግስቱ ግን መኪናዋ ከኋላዋ ጥቁር ጭስ ትለቅ ጀመር። ቆማ ሞተሯ ሲሠራ ትንገጫገጫለች፤ ቤንዚን ቤንዚን ትሸታለች፤ ለሳምንት ይበቃት የነበረው ቤንዚን በሁለት ቀን ያልቃል።

አህያዋ ወደ ጋራዡ ተመለሰች።

«አያ ጅቦ፣ አንተ ጋ ከመጣሁ ወዲህ መኪናዬ ታማለች» አለችው።

ጅቡ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን አሸተተና ምራቁን ዋጠ። «ርቧት ነው» አለ።

«ምን?»

«ርቧታል አልኩሽ! ረሀብን እኔ ነኝ የማውቀው። ስትንገጫገጭ አላየሽም? እኔንም ሆዴ ባዶ ሲሆን እንደዚሁ ያደርገኛል። ብዙ ቤንዚን የሚገፋ ትልቅ ፓምፕ ያስፈልጋታል።»

ከጋራዡ አጠገብ የመለዋወጫ ሱቅ የነበረው ቀበሮ ወዲያው ብቅ አለ። «ፓምፕማ እኔ ጋ ሞልቷል፣ እመት አህያ! ዋጋውም ዶሮ ነው። አንቺ ደግሞ ዶሮ ታረቢያለሽ። እንዴት እንደተገጣጠምን አየሽ?»

አህያዋ ዶሮ ሰጠች። ፓምፑ ተገጠመ። ጭሱ ግን ባሰበት።

«ገና አልጠገበችም» አለ ጅቡ። አሁን ደግሞ ቤንዚን የሚረጩትን ኢንጀክተሮች አውጥቶ በትልልቅ ቀየራቸው። ሌሎች ዶሮዎችም ወደ ቀበሮው ቤት ሄዱ። መኪናዋ ባለፈችበት መንገድ ሁሉ ወፎቹ ሳይቀሩ ይስሉ ጀመር። በመጨረሻም ዳገቱ መሐል ላይ ታፍና ቆመች።

ሦስት ቀን ሙሉ ዳገቱ ላይ ውሃ አልደረሰም። የእንስሳቱ አለቃ አንበሳ አህያዋን አስጠራት።

«ጥጆቹ በጥም ሊያልቁ ነው» ብሎ አገሳ። «መኪናሽ እስከ ነገ ረፋድ ካልዳነች በርሜሎቹ በጀርባሽ ይጫናሉ። ድሮስ የተፈጠርሽው ለዚያ አይደል?»

 አህያዋን ገጣባው የነበረበት ቦታ እንደገና ያቃጥላት ጀመር።

በማግስቱ ረፋድ ላይ እንስሳቱ ሁሉ መኪናዋን ገፍተው አምጥተው በአያ ጅቦ ጋራዥ ተሰበሰቡ። አንበሳው በርሜሎቹንና መጫኛውን አስመጥቶ ነበር። መጫኛው ከበሬ ቆዳ የተሠራ ረጅም ጠፍር ነው። ጅቡ ዓይኑን ከጠፍሩ ላይ መንቀል አልቻለም።

«አሁን ገባኝ! ሴንሰሩ ነው» አለ ቀበሮው። «ሴንሰሩ በቀጭን የጎማ ቱቦ የሞተሩን ትንፋሽ ይለካል። በዚያ ልክ ነው ቤንዚኑ የሚመጠነው። አዲስ ሴንሰር አለኝ፤ አንድ አውራ ዶሮ ብቻ!»

አህያዋ የቀራትን አውራ ዶሮ ሰጠች። ሴንሰሩ ተቀየረ፤ ሞተሩ ተነሣ። ጥቁሩ ጭስም እንደገና ቡልቅ አለ።

«እንግዲህ ይህች መኪና ሆዷ አይሞላም» አለ ጅቡ።

ቀበሮው ሳቀ። «ለአህያ ማር አይጥማትም ሲባል አልሰማችሁም? መኪናም እንደዚያው ነው። በይ ጀርባሽን አዘጋጂ!»

እንስሳቱ ሁሉ ሳቁ። ይኼኔ አህያዋ መሬቱን በሰኮናዋ መታች።

«ዝም በሉ!»

ሳቁ ቀጥ አለ። አህያ ስትቆጣ ከዚያ በፊት ማንም አይቶ አያውቅም።

«ሞተሩን አጥፋና ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ፍታ!» አለችው ጅቡን። ጅቡ ደንግጦ ፈታው። ካንዴላው ጥቀርሻ ለብሶ እንደ ከሰል ጠቁሯል። አህያዋ ተቀብላ ለሁሉም አሳየች።

«የራባት መኪና ካንዴላ ይህ ነው? እሳት እንጨት ሲያጣ ይጠፋል እንጂ ይጨሳል? የሚጨሰውስ እንጨት ሲከመርበትና አየር ሲያጥረው አይደለም? መኪናዬ አልራባትም፤ በቤንዚን አንቃችሁ ይዛችኋታል! እየታነቀች ጨምሩላት ትላላችሁ!»

ከዚያ ወደ ቀበሮው ዞረች። «አንተስ ብልጡ? ሴንሰሩ የሞተሩን ትንፋሽ የሚለካው በቱቦ ነው ብለሃል። ሴንሰሩ አዲስ ነው፤ ጭሱ ግን ያው የድሮው ነው። ታዲያ ቱቦውን ማን አየው?»

ቀበሮው ደመና የሚቆጥር ይመስል ወደ ሰማይ አንጋጠጠ።

«ካንዴላውን መልስና ሞተሩን አስነሣ፣ አያ ጅቦ! ሌላው ትንፍሽ እንዳይል!» አለች። አንበሳው እንኳ ትንፋሹን ዋጠ። አህያዋ ሁሉም የሚስቁባቸውን ረጃጅም ጆሮዎቿን ወደ ሞተሩ አዘነበለች። ከጩኸቱ ሥር «ስስስስ» የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማች። ድምፁን ተከትላ ወደ ሴንሰሩ ከሚሄደው የጎማ ቱቦ ደረሰች። ሰኮናዋን ስትጫንበት ሞተሩ ረጋ። ስታነሣ ተንገጫገጨ። ቱቦውን ነቅላ አወጣችው፤ በጥርስ ተበሳስቷል። ሴንሰሩ በቀዳዳዎቹ በሚገባው አየር እየተታለለ ነው ቤንዚኑን ያበዛው።

«ይህ የማን ጥርስ ነው?» አለ አንበሳው።

«እኔ አልበላሁትም!» ብሎ ጅቡ ማንም ሳይጠይቀው ዘሎ ገባ። «ዘይት ስቀይር ጠፍር መስሎኝ ቀመስኩት እንጂ አልዋጥኩትም!»

«ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ሲሉ ሰምቻለሁ» አለ አንበሳው። «ቱቦ ሲነክስ ግን ዛሬ አየሁ።»

ቀበሮው ለማምለጥ ፈጠን አለ። «እኔ እኮ ያን ዕለት ተው አያ ጅቦ፣ አታኝከው ብዬው ነበር!»

«አይተህ ነበር?» አለች አህያዋ። «እያወቅህ ነው ዶሮዎቼን የበላሃቸው?»

ቀበሮው ወደ ሱቁ በር አፈገፈገ።

«አንተም፣ ጌታዬ አንበሳ» አለች ቀና ብላ፣ «የታመመው ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ መጫኛ ነው ያስመጣኸው።»

አንበሳው አፍሮ አንገቱን ደፋ። ከዚያም «መጫኛው ባዶውን አይመለስም» አለ።

አዲስ ቱቦ ተገጠመ። የድሮዎቹ ፓምፕና ኢንጀክተሮችም፣ አህያዋ ከአጠገቡ ቆማ እያየች፣ በጅቡ እጅ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ሞተሩ ሲነሣ ከኋላ የሚታይ ጭስ አልነበረም።

በዚያው ቀን አህያዋ ውሃ ጭና ዳገቱን ወጣች። ቀበሮው ጀሪካን ተሸክሞ ከመኪናዋ ኋላ ያዘግማል። ጅቡም በርሜል በጀርባው ታስሮበት ያለከልካል። የመጫኛው ጠፍር ሽታ አፍንጫው ድረስ ይመጣል። አንገቱን ወደ ግራም ወደ ቀኝም ቢያዞር ግን ጥርሱ አይደርስበትም።

ከዚህ የምንማረው፣ የበሽታውን ምክንያት ሳይፈልግ መድኃኒት የሚያበዛ ሁሉ አዋቂ እንዳልሆነ፣ የተበደለም ሰው እስኪጫን ዝም ብሎ ከመጠበቅ ይልቅ ተቆጥቶ «ማን አየው?» ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ነው።