እናኑ፣ ፋኖሱና የነፋስ ድርሻ

ጆሯችሁን ለእኔ፣ ዓይናችሁን ለበሩ ስጡ። ተረት ልነግራችሁ ነው።

ድሮ ድሮ፣ አውሬ ከሰው ጋር በሚነጋገርበት ዘመን፣ እናኑ የምትባል የቆላ ልጅ ደጋ ተዳረች። ደጋም ብቻ አይደለም። ከደጋ በላይ፣ ዛፍ የማይበቅልበት፣ ጅባራ የሚሉት ረጅም ተክል ብቻውን እንደ ሰው ቆሞ የሚያድርበት የውርጭ አገር። እናቷ ፋኖስ ሰጠቻት።

«ሲደበዝዝብሽ ክሩን ከፍ አድርጊው» አለቻት። በቆላ እንዲህ ነው።

እናኑ ወለደች። ሕፃኑ ገና ዳዴ ሳይል ባሏ እህል ሊሸምት ወደ ቆላ ወረደ። እሷ፣ ሕፃኑና ፋኖሱ ቀሩ።

አያ ጅቦ ይህን ሰማ። ሕፃኑን ተመኘ። ፋኖሱን ግን ፈራ።

በመጀመሪያው ምሽት በሩ ሥር ተቀመጠ። ድምፁን እንደ ሽማግሌ አለሰለሰ።

«ልጄ፣ እንደምን አመሸሽ?»

እናኑ የበሩን መወርወሪያ ጨበጠች። «ማነው?»

«ጎረቤትሽ ነኝ። ነፋሱ ከፍቷል። መብራትሽን ካጠፋው ደግሞ… እኔ እንጃ። ከበሩ በላይ ያለውን ክፍተት ድፈኚው።»

በጭቃ ደፈነችው። ፋኖሱ ደበዘዘ።

«እመቤቴ፣ ትንፋሽ አጠረኝ» አለ ፋኖሱ።

«ያጠረህስ ክርህ ነው!» ክሩን ከፍ አደረገችው። ነበልባሉ ቀላ። የብርጭቆው አፍ ጠቆረ።

በሁለተኛው ምሽት ያ ድምፅ ተመለሰ።

«ልጄ፣ መስኮትሽስ?»

መስኮቱን በአጎዛ ወተፈችው።

«እመቤቴ» አለ ፋኖሱ፣ «የዚህ አገር አየር ስስ ነው። ቆላ ሳለሁ ጠግቤ እተነፍስ ነበር። እዚህ የማገኘው ቁራሽ ነው። ቁራሿን አትንፈጊኝ። ክሬንም ዝቅ አድርጊው።»

«ዝቅ ላድርግህና ጨለማ ይዋጠኝ?»

ከፍ አደረገችው። ብርጭቆው እስከ ወገቡ ጠቆረ።

ነፋስ ጣራውን ደበደበ። «አንቺ የቆላ ልጅ! ክፈቺልኝ!»

«ሂድልኝ! ጠላቴ አንተ ነህ!»

«ጠላትሽማ በርሽ ላይ ምራቁን ይውጣል» አለ ነፋስ።

አላመነችውም። ነፋስ ጯሂ ነው። ያኛው ለስላሳ ነው።

በሦስተኛው ምሽት፣ «ልጄ፣ የጣራሽ ጭስ መውጫ ቀረሽ እኮ» አላት።

የጓሳ ሣር አስራ ወተፈችው። አሁን ቤቱ ዝም አለ። ብርሃኑ እንደሚከስም ፍም ሆነ። ራሷ ከበዳት። ሕፃኑ ሲያለቅስ ነበር፤ ማልቀሱን ተወ።

ደጅ ያለው ሽማግሌ ሳቀ። ሳቁ የሰው አልነበረም።

ከበሩ ሥር ጥፍር መፋቅ ጀመረ። ጭርር። ጭርር። ሳንቃው ተሰነጠቀ።

እናኑ ክሩን ያዘች። ከፍ ልታደርገው። እናቷ ያስተማረቻት ይህንኑ ብቻ ነው።

«ዝቅ…» አለ ፋኖሱ። ድምፁ ሊወጣ አልቻለም።

ሕፃኑን አየችው። ክሩን ዝቅ አደረገችው። ጨለማው ወደ ፊቷ መጣ። መደቡ ላይ ወጣች፤ ጓሳውን በሁለት እጇ ይዛ ነቀለችው።

ነፋስ እየጮኸ ገባ። ነበልባሉ ተኛ። «ጠፋ» አለች በልቧ። አልጠፋም። ቀና አለ፤ ትንሽ፣ ነጭ፣ ቀጥ ያለ። ጥላሸቱን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ብርጭቆው ጣቷን አቃጠላት፤ አላወቀችውም።

በስንጥቁ አፍንጫ ገብቷል። ቀጥሎም ዓይን። ፋኖሱን ወደ ዓይኑ አስጠጋችው።

«ልጄ፣ እኔ እኮ ላስጠነቅቅሽ…»

«ልጅህ አይደለሁም!»

አያ ጅቦ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከጅባራ ጅባራ እየተላተመ ሸሸ።

ሕፃኑን አንዴ አሳለው። ከዚያ ቤቱ እስኪናጋ ጮኸ። እናኑ አላባበለችውም፤ ይጩህ ብላ አዳመጠችው።

ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ቤት ሲሠራ ከጣራው ሥር ቡጢ የምታህል ቀዳዳ ይተዋል። «የነፋስ ድርሻ» ይሏታል። ፋኖስ ሲለኮስም ክሩ ዝቅ ይደረጋል። እናኑ ግን ሲመሽ መፍራቷን አልተወችም። የሚጮኸውን አይደለም። «ልጄ» እያለ የሚለሰልሰውን ነው።

ነፋስ ፈርቶ ቤቱን የደፈነ፣ ለጅብ ጨለማ ደገሰ።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ቀዳዳዬን ግን አትድፈኑብኝ።