ምልክቷን የተናገረችው አህያ

አንድ ጊዜ፣ ጨው ከማር በሚወደድበት ደረቅ ቆላ፣ ከግመሎች ጋር ጨው እየጫነች የምትኖር አንዲት አህያ ነበረች። ጀርባዋ ተገሽልጦ ጠባሳ በጠባሳ ሆኗል። ቢሆንም አታማርርም፤ የምትደክምለት ልጅ ነበራት። ከዚያ በፊት የወለደቻቸውን ሁሉ ጅብ በልቶባታል። የቀረቻትን አንዲት ውርንጭላ፣ ዳማ ብላ የምትጠራትን፣ ማንም በማያውቀው ቦታ ደብቃ ነበር የምታሳድጋት።

የዚያ አገር እንስሳት ጨዋቸውን ተሸክመው አይዞሩም። ጨው ሁሉ በአንበሳ ዋሻ ውስጥ ይከመራል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፈው በምልክት ብቻ ነው። እያንዳንዱ እንስሳ የራሱን ምልክት ያወጣል። መክፈል ሲፈልግ ወደ አደባባዩ ቋጥኝ ይሄድና የራሱን ምልክት፣ ከጎኑም የተቀባዩን ምልክት ይጭራል። ማንም እንዳያጭበረብር ጭረቱን ሁሉም ያየዋል። ማን እንደ ጫረው ግን አይታወቅም፤ አንዱ ሲጭር የቀረው ሁሉ ጀርባውን ማዞር አለበት። ዋሻው ደግሞ የሚከፈተው ባለምልክቱ ብቻ የሚያውቀውን ቃል በበሩ ቀዳዳ ሲያንሾካሽክ ነው። ዛሬ ሰዎች ክሪፕቶ ብለው ጉድ የሚሉለትን የኢንተርኔት ገንዘብ፣ እነዚያ እንስሳት በጨው ይሠሩት ነበር ማለት ነው።

የአህያዋ ምልክት ክብ ነበር፤ በውስጡ ሁለት ጭረት። ደሞዟን የምትቀበለው በእሱ ነው፤ የምትከፍለውም፣ የምትረዳውም በዚያው በእሱ ነው። አሮጊቷ ኤሊ ይህን ስታውቅ ደነገጠች።

«ልጄ፣ ለደሞዝሽ አንድ ምልክት፣ ለልጅሽ ሌላ፣ ለአገሩ ጉዳይ ደግሞ ሌላ አውጪ። ሁሉንም በአንድ ከጫርሽው፣ አንድ ቀን ያወቀሽ ኑሮሽን በሙሉ ቁጭ ብሎ ያነበዋል።»

«እማማ፣ ያን ሁሉ ምልክት፣ ያን ሁሉ ቃል በየትኛው ጭንቅላቴ ልያዘው?» አለች አህያዋ። «ደግሞስ ስሜን አልጻፍኩ! ማን ያውቀኛል?»

አህያ እንቢ ካለች እንቢ ናት። ኤሊዋም አንገቷን ወደ ድንጋይ ልብሷ መለሰች።

ከዚያ ድኩላ ሞተ። ግልገሎቹ ሜዳ ላይ ቀሩ፤ አገሩም ለቅሶ ተቀመጠ። ለለቅሶ ግን ወጉ ሌላ ነው። አሞሌ ጨውን ከዋሻ አውጥቶ ይዞ መምጣት፣ የሰጠውም ሁሉ ስሙ በአደባባይ መጠራት አለበት። ቀበሮ ድምፁ ያምራል ተብሎ ጠሪ ተደረገ። እሱም ጉብታ ላይ ወጥቶ ይጮኽ ጀመር።

«አጋዘን፣ ሁለት አሞሌ! እግዜር ይስጥልን! ከርከሮ፣ አንድ አሞሌ! እግዜር ይስጥልን!»

አህያዋ በቀጥታ ከጨው መንገድ ነበር የደረሰችው። የድኩላን ሞት እንደ ሰማች፣ ወደ መንገድ ከመውጣቷ በፊት የእርዳታዋን በቋጥኙ ላይ ጭራ ልካለች፤ ከሁሉም አብልጣ ልካለች። ስለዚህ ምንም ሳትይዝ ጥግ ላይ ቆመች።

«በቋጥኙ በኩል የተላከ አስር አሞሌም አለ» አለ ቀበሮ። «ባለቤቱ ግን አልታወቀም። እመት አህያ፣ አንቺስ?»

ሁሉም ዞሮ አያት። አህያዋ መሬት መሬት አየች።

«ጨው ተሸክማ እየዋለች፣ ለሙት ልጅ አንዲት አሞሌ ታጣ!» አለች ጦጣ፣ እንዲሰማ አድርጋ።

«ያን ጊዜ ጭቃ ውስጥ ወድቃ ስትቀር በቀንዱ ደግፎ ያወጣት እኮ ድኩላ ነው» አለ ከርከሮ። «ውለታ የማታውቅ!»

የድኩላ ሚስትም ቀና ብላ አየቻት። ጦጣንስ ትችላት ነበር። ያንን አስተያየት ግን አልቻለችም። አገሩ ንፉግ ብሏት፣ ነገ በየት በኩል ታልፋለች? ጆሮዋ ጋለ፤ ከደረቷ የመጣው ቃል ሳታስበው አመለጣት።

«አስሩ አሞሌ የኔ ነው! ክቡ፣ ሁለት ጭረት ያለበት፣ የኔ ምልክት ነው!»

ለቀስተኛው ሁሉ እልል ሊል ምንም አልቀረውም። ጦጣ አፏን ያዘች፤ ከርከሮ ይቅርታ ጠየቀ፤ የድኩላ ሚስት መጥታ አንገቷን ሳመቻት። ምስኪን አህያ! ደስ አላት። ኤሊዋ ብቻ ነበረች ዐይኗን የጨፈነችው። ቀበሮም፣ «እግዜር ይስጥልን፣ እመት አህያ!» አለ፤ ይህን ሲል የሚያየው ግን እሷን ሳይሆን ቋጥኙን ነበር።

ቀጥሎ የሆነውን አህያዋ የሰማችው ኋላ፣ ቋጥኙ አናት ላይ ከምትኖረው እርግብ ነው። እኛ ግን አሁኑኑ እንስማው። አህያዋ ወደ ጨው መንገድ እንደ ተመለሰች፣ ቀበሮ ጅብን ወደ አደባባዩ አመጣው።

«አያ ጅቦ፣ ይህን ክብ አየኸው?»

«አየሁት። ይበላል?»

«አይበላም። የአህያዋ ምልክት ነው።»

«እንግዲያው ጨውዋን እንውሰድ!»

«ቃሏን ሳናውቅ ዋሻው ይከፈትልናል? ጨውዋን ተወው። የሄደበትን እይ። ከክቡ ጎን ሁልጊዜ የሚጫረው ይህ እሾህ የማን ነው?»

«የጃርት ነዋ! ጉድጓድ የምትከራዩ በእሾህ ምልክት ክፈሉ እያለ ገበያውን ሲያደነቁር አይውልም?»

«ጎበዝ። ይህ ቀንድስ?»

«ወተት የምትሸጠው ፍየል።»

«እንግዲህ ጉድጓድ የምትከራይ፣ ወተት የምትገዛ አህያ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ምን አስቀምጣለች?»

ጅብ ግንባሩን ቋጥሮ ብዙ አሰበ። «ወተት?»

«ውርንጭላ! አንተ ደነዝ፣ ውርንጭላ!»

የጅብ ለሃጭ ደረቱ ላይ ተዝረከረከ። «እናቲቱ ብትኖርስ? ባለፈው ጥርሴን በእርግጫ ያወለቀችው እሷ ናት።»

«ግመሎቹ የሚከፍሏት ከመንገድ ስትመለስ ነው። እይ፣ ወደ መንገድ ከወጣች ወዲህ ክፍያ አልተጫረላትም። ገና መንገድ ላይ ናት። ሂድ፣ ጉበቷን ግን ለኔ አስቀር።»

ቀበሮ ሰላይ አልላከም፤ ማንንም አላስፈራራም። ቆሞ አነበበ እንጂ።

አህያዋ ስትመለስ፣ ከመንገድ ዳር የቀጠፈችውን የማሽላ ቅጠል በአፏ ይዛ ነበር። ዳማ ገና ጥርስ ማብቀሏ ነው፤ ቅጠል ማኘክ ታለማምዳታለች። ጉድጓዱ ካለበት ገደል ሥር ስትደርስ ጃርት እሾሁን አቁሞ ጠበቃት። ግማሹ እሾሁ ተነቅሏል።

«እመት አህያ፣ እኔ ትንፍሽ አላልኩም» አለ። «ልጆቼን ይንሳኝ፣ ለማንም አልተናገርኩም። ብቻዬን ታገልኩት፤ አልቻልኩትም።»

ገባች። የፍየሏ ወተት በቅሉ ውስጥ እንዳለ ነበር፤ አልተጠጣም። ቆይታ ወጣች። ቅጠሉ አሁንም በአፏ ነበር።

ከዚያ ወደ አንበሳ ሄዳ አለቀሰች። አንበሳ በትዕግሥት ሰማትና ጠየቃት።

«ከጨውሽ የጎደለ አለ?»

«የለም፣ ጌታዬ።»

«አንቺ ስትጭሪ ዞሮ ያየሽ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው ሕጌ አልተጣሰም። እኔ የምጠብቀው ጨው ነው። ምልክትሽን ለአገር የተናገርሽው አንቺው ነሽ።»

አህያዋ በቀጥታ ወደ አደባባዩ ወርዳ ክቡን በሰኮናዋ ትፍቅ ጀመር። አንዱን ክብ ትፍቃለች፣ ከጎኑ ሌላ ክብ አለ፤ እሾህና ቀንድ አጠገቡ ተጭሯል። የልጇ ዕድሜ በሙሉ እዚያ ላይ ነበር፣ ከተወለደችበት ሳምንት ጀምሮ። ሰኮናዋ ተሰንጥቆ ደማ፤ ቋጥኙ ግን አንዲት ጭረት አልለቀቀም። በአደባባዩ የነበሩት እንስሳትም፣ የምትጭር መስሏቸው፣ እንደ ሕጉ ጀርባቸውን አዞሩላት።

ኤሊዋ ብቻ እየተንፏቀቀች መጣች። «ተይው፣ ልጄ። አይለቅም።»

«ንፉግ እንዳይሉኝ ብዬ እኮ ነው፣ እማማ» አለች አህያዋ። «አንዲት ቃል ናት የተናገርኩት።»

ኤሊዋ ይህን ነግሬሽ ነበር አላለችም። አጠገቧ ተቀመጠች፤ ከዚያ በላይ የምታደርገው አልነበራትም።

አህያዋ ከዚያ በኋላም ጨው መጫኗን አልተወችም፤ ሌላ ሥራ አታውቅም። በአንበሳ ዋሻ ያለው ጨውዋ ግን ዛሬም እንደ ተከመረ ነው። አንዲት ፍንካች የነካበት የለም፤ እሷም ቃሉን ልታንሾካሽክ ወደ በሩ ተመልሳ አልሄደችም፣ የምትገዛለት የለምና።

ከዚህ የምንማረው፣ እንደ ክሪፕቶ ባለ፣ ሁሉም በሚያየውና በማይፋቅ መዝገብ የሚገበያይ ሁሉ፣ ለየጉዳዩ የተለያየ ምልክት ካልያዘና ምልክቱን ለምስጋናም ሆነ ሐሜትን ፈርቶ ከስሙ ጋር ካገናኘ፣ ገንዘቡ ሳይነካ የሚወደውን ሁሉ ሊያጣ እንደሚችል ነው።