ሸጊት ያለ ፋጉሎ አልበላም አለች

ተረት ንገረን ካላችሁ ጆሯችሁን አውሱኝ፤ ስጨርስ እመልሳለሁ።

በወሎ፣ በአንዲት ትንሽ መንደር፣ እትዬ ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። አሥራ ሁለት በጎች ነበሯት። ሁለት ክረምት ሲያልፍ የሆድ ትል አንድ በአንድ ፈጃቸውና ሸጊት የምትባል እርጉዝ በግ ብቻ ቀረቻት። እሷም ብትሆን መንጋጋዋ ሥር አብጧል፤ ምግብ ታሸታለች እንጂ አትቀምስም። እትዬ ትርንጎ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሸጊት በልታ፣ ጠንክራ፣ በሰላም ትውለድላት።

የእንስሳት ሐኪሟ ሶፊያ መጣችና የሸጊትን የዓይን ሽፋን ገልባ አየች። ውስጡ ነጭ ሆኗል።

“ትሉ ደሟን ጠጥቶታል” አለች። “መድኃኒቱን አስውጫታለሁ፤ ትሉን ይገድለዋል። ደም ግን አይተካም። ደም የሚተካው ምግብ ነው። ከአጥርሽ የሰስፓንያ ቅጠል እየቆረጥሽ አብያት። ለመሆኑ እትዬ፣ ይሄ ጉረኖ መቼ ነው የተጠረገው?”

“ምን ሲደረግ ይጠረጋል! አማቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ‘የበግ በጠጥ ከቤት ከወጣ ረድኤት አብሮት ይወጣል’ ትል ነበር።”

“የትሉ እንቁላል እኮ የሚወጣው ከዚያው ከበጠጡ ጋር ነው። እሷ ደግሞ ከዚያው መሬት ላይ ትበላለች።”

“አልጠርግም አልኩሽ!”

ሐኪሟ አንገቷን ነቅንቃ ሄደች። ይህችን “አልጠርግም” ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልጋታለን።

እትዬ ትርንጎ የሰስፓንያ ቅጠል ቆርጣ ለሸጊት አቀረበች። ሸጊት አሸተተችና ፊቷን አዞረች። “ይመረኛል። ያለ ፋጉሎ አልበላም!” አለች። በተረት አገር በግ ሲያማት ቅንጡ ትሆናለች። በእኛም አገር እንዲያው ነው።

ፋጉሎ ማለት ኑግ ተጨምቆ ዘይቱ ሲወጣ የሚቀረው ነው። እሱ ደግሞ ያለው ዘይት ከሚጨምቁት ከሐጂ ሙሔ ቤት ነው። እትዬ ትርንጎ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች።

“ሐጂ፣ ይጭመቁልኝ! ሐጂ ካልጨመቁ ፋጉሎ የለ፤ ፋጉሎ ከሌለ ሸጊት አትበላ፤ ሸጊት ካልበላች ግልገሉ አይተርፍ!”

“ወላሂ እታለም፣ ያለ ግመል አልጨምቅም” አሉ ሐጂ። “መጭመቂያውን የሚያዞረው እሱ ነው፤ እሱ ደግሞ ካኮረፈ ይኸው ሦስት ቀኑ።”

ግመሉ አባ ኩራት ይባላል። ከንፈሩን ጥሎ ጥላ ሥር ተኝቷል።

“አባ ኩራት፣ ዙርልኝ! ግመል ካልዞረ ሐጂ አይጨምቁ፤ ሐጂ ካልጨመቁ ፋጉሎ የለ፤ ፋጉሎ ከሌለ ሸጊት አትበላ፤ ሸጊት ካልበላች ግልገሉ አይተርፍ!”

“ያለ አዲስ ገመድ አልዞርም!” አለ ግመሉ። “አሮጌው ትከሻዬን ልጦታል። የእኔ ቆዳ ቆዳ አይደለም?”

እውነቱን ነው፤ ትከሻው ቆስሏል። እትዬ ትርንጎ አዘነችለት። ቁስሉን በለብታ ውሃ አጠበችለትና ገመድ ወደሚገምደው ወደ ጋሽ አበጋዝ ገሰገሰች።

“ጋሽ አበጋዝ፣ ገምድልኝ! ገመድ ከሌለ ግመል አይዞር፤ ግመል ካልዞረ ሐጂ አይጨምቁ፤ ሐጂ ካልጨመቁ ፋጉሎ የለ፤ ፋጉሎ ከሌለ ሸጊት አትበላ፤ ሸጊት ካልበላች ግልገሉ አይተርፍ!”

“ያለ ጋን አልገምድም” አለ ጋሽ አበጋዝ። “ቃጫው በደንብ ካልራሰ ገመዱ ይሻክራል፤ ግመሉን መልሶ ይልጠዋል። የምዘፈዝፍበት ጋን ደግሞ ተሰንጥቆ ይኸው ያፈስሳል።”

ጋን የምትሠራው እትዬ ሽታዬ ናት፤ ቤቷ ከመንደሩ ዳር ነው። እትዬ ትርንጎ እስክትደርስ ትንፋሿ ተቆራርጧል፤ የእኔም እንደዚያው።

“ሽታዬ፣ ጋን ተኩሺልኝ! ጋን ከሌለ ገመድ አይገመድ፤ ገመድ ከሌለ ግመል አይዞር፤ ግመል ካልዞረ ሐጂ አይጨምቁ፤ ሐጂ ካልጨመቁ ፋጉሎ የለ፤ ፋጉሎ ከሌለ ሸጊት አትበላ፤ ሸጊት ካልበላች ግልገሉ አይተርፍ!”

“ያለ እሳት አልተኩስም” አለች እትዬ ሽታዬ። “ጋኑማ ተሠርቶ፣ ደርቆ ተቀምጧል። እሳቱ ነው እምቢ ያለኝ። እስቲ አንቺ ለምኚው።”

እትዬ ትርንጎ ሸክላ የሚተኮስበት ጉድጓድ አፍ ላይ ተንበረከከች።

“እሳት ሆይ፣ ንደድልኝ! እሳት ካልነደደ ጋን የለ፤ ጋን ከሌለ ገመድ አይገመድ፤ ገመድ ከሌለ ግመል አይዞር፤ ግመል ካልዞረ ሐጂ አይጨምቁ፤ ሐጂ ካልጨመቁ ፋጉሎ የለ፤ ፋጉሎ ከሌለ ሸጊት አትበላ፤ ሸጊት ካልበላች ግልገሉ አይተርፍ!”

“ያለ በጠጥ አልነድም!” አለ እሳቱ ከአመድ ውስጥ። “ጭራሮ ቦግ ይላል፣ ጥፍት ይላል፤ ጋኑን ይሰነጥቀዋል። ጋን የሚያበስለው ረጋ ያለ ሙቀት ነው። እሱ ደግሞ የደረቀ በጠጥ ይፈልጋል።”

“በጠጥ ከየት ይመጣል?” አለች እትዬ ትርንጎ፤ ዓይኗን ግን መሬት ላይ ተክላለች።

እትዬ ሽታዬ ሳቀች። “እታለም፣ ግመል ሰርቆ አጎንብሶ ይሆናል? ጉረኖሽ ውስጥ በጠጡ ከጉልበት በላይ ነው፤ ሽታው እዚህ ድረስ ይመጣል።”

“ረድኤቴ ቢወጣብኝስ?”

እትዬ ሽታዬ ሳቋን ተወች። እጇን ከጭቃው አወጣችና ቀስ ብላ፣ “አሥራ ሁለት በጎች ነበሩሽ። ረድኤቱ እዚያ ውስጥ ከተቀመጠ፣ የቱን ጠበቀልሽ?” አለቻት።

እትዬ ትርንጎ በጣቷ ቆጠረች። እሳቱ እምቢ ብሏል፤ ሸክላ ሠሪዋ እምቢ ብላለች፤ ገመድ ሠሪው እምቢ ብሏል፤ ግመሉ እምቢ ብሏል፤ ሐጂ እምቢ ብለዋል፤ ሸጊትም እምቢ ብላለች። ሁሉም ምክንያት አለው። ከሁሉም በፊት ግን “አልጠርግም” ያለችው እሷ ናት። አሥራ አንዱ በጎቿ ታወሷትና አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን ጠረገች፤ ዓይኗን ጠርጋም አልቀረች፣ ቤቷ ሄዳ ዶማና መጥረጊያ አነሳች።

ጉረኖው ተጠረገ! በጠጡ ወጣ፣ ደርቆም እትዬ ሽታዬ ጋ ደረሰ፤ በጠጡ ሲደርስ እሳቱ ነደደ፤ የትሉም እንቁላል አብሮ ነደደ። እሳቱ ሲነድ ጋኑ ተተኮሰ፤ ጋኑ ሲተኮስ ቃጫው ራሰ፤ ቃጫው ሲርስ ገመዱ ተገመደ፤ ገመዱ ሲገመድ አባ ኩራት እየተጎማለለ ዞረ፤ እሱ ሲዞር ሐጂ ጨመቁ፤ ሲጨምቁ ፋጉሎ ወጣ። እትዬ ትርንጎ ፋጉሎውን በቅጠሉ ላይ ነስንሳ ከመሬት ከፍ ባለ ገበታ አቀረበች፤ ሸጊትም በላች! ትንሽ በላች፤ በማግስቱ ጨመረች፤ በሳምንቱ ገበታውን ላሰችው።

ከዚያም በጠራው፣ በደረቀው መሬት ላይ ወለደች። ግልገሏ ሦስቴ ወድቃ በአራተኛው ቆመች።

ሐኪሟ ሶፊያ ተመልሳ መጣችና የሸጊትን የዓይን ሽፋን ገለበች። ውስጡ ቀልቷል። እትዬ ትርንጎ እጇን ሳመቻት። “አምላኬ ተመስገን! አንቺንም አላህ ይስጥሽ ልጄ፣ ተቆጥቼሽ ነበር። ሐጂን እሱ ያክብርልኝ፤ አባ ኩራትን ትከሻውን ይማርልኝ፤ የአበጋዝን እጅ ይባርክ፤ የሽታዬን አፍ ይባርክ፤ እሳቱንም፣ ምን ልበለው፣ አይጥፋብን!”

ከዚያ መጥረጊያዋን ተደግፋ ግልገሏ ስትጠባ ለረጅም ጊዜ አየች።

“አማቴ ግማሹን ነው የነገረችኝ” አለች። “ረድኤት ከበጠጡ ጋር ይወጣል፤ እውነቷን ነው። ወጥቶ ግን መንደሩን ዞሮ ቤቱ ይገባል።”

ተረቴ እዚህ ላይ አበቃ፤ ጆሯችሁን ይኸው፣ መጥረጊያውን ለባለተራው አቀብሉ።