ያልከሳችው ጨረቃ

ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ ድምፄ እንደ ድሮው አይደለም።

አንዲት አራስ ነበረች። ወንድ ልጅ የተገላገለችው ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ዕለት ነው። ይመኙሻል የምትባል ጎረቤቷ ልትጠይቃት መጣች። ገንፎውን እየበላች፣ «በሙሉ ጨረቃ የመጣ ልጅ አብሯት ይከሳል። ስትጠፋ ይዛው ትሄዳለች፤ እኔ አይቻለሁ» አለቻት። ይህን ተናግራ፣ ቅቤ አስጨምራ፣ በልታ ሄደች።

ለእናቲቱ ግን ከዚያ ወዲያ እህል አልወረደላትም። አራስ እስከ ክርስትናው ከቤት አትወጣም፤ ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ከደጃፉ አንገቷን ብቅ አድርጋ ታያለች። ጨረቃዋ ጎደለች። ግማሽ ሆነች። ማጭድ መሰለች። ተመልሳ ልጁን ስታቅፈው ልጁም ቀሏል። እውነትም ቀሏል። ማን ያጽናናት?

ጨረቃዋ ጨርሳ በጠፋችበት ጠዋት ልጁ ማልቀሱን ተወ። እሷም ጡት መስጠቱን ትታ፣ በነጠላ ጠቅልላው፣ አጠገቡ ተቀምጣ ጠበቀች። ምን ጠበቀች? እናንተው በሉት፤ እኔ አፌ አይደፍርም።

አማቷ አያ ደምለው ገብተው ይህን አዩ። ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። ፀሐይ በበሩ እየገባች ነበር። ሽማግሌው ከግድግዳው አንድ ቅል አወረዱ።

«ጀርባሽን ለበሩ ስጪ» አሏት። ቅሉን ከፊቷ ከፍ አድርገው ሲይዙት ሙሉውን አበራ። ከዚያ ቀስ እያሉ በዙሪያዋ ወደ በሩ ዞሩ፤ እሷም እየዞረች አየች። ብርሃኑ ግማሽ ሆነ፤ ክር አከለ። በእሷና በፀሐይዋ መካከል ሲደርሱ ቅሉ ጠቆረባት።

«ቅሉን ማን ቆረሰው?»

«ማንም፣ አባባ።»

«ጨረቃም እንዲሁ ትዞረናለች። ፀሐይ ያበራችው ፊቷ ወዲያ ሲሆንብን የጎደለች ይመስለናል እንጂ አልከሳችም። የከሳሽው አንቺ ነሽ ልጄ። ካልበላሽ ስንት ቀንሽ ነው? ወተቱ ከየት ይምጣ?»

አጥሚት አስፈሉላት። ጠጣች። ነጠላውን ገልጣ ጡቷን ሰጠችው፤ አልያዘም። ውላ ደግማ ሰጠችው፤ አልያዘም። ወደ ማታ ግድም ያዘ።

ልጆቼ፣ ያን ሕፃን ሊገድለው የነበረው ማን ነው? ጨረቃ ናት? ጨረቃስ አንዲት ፍርፋሪ አልጎደለባትም።

እናንተስ? እግዚአብሔር ፊቱን አዞረብኝ ብላችሁ ጠቅልላችሁ ያስቀመጣችሁት ምንድን ነው? ትዳር ነው? በመጠጥ የጠፋ ልጅ ነው? ጸሎታችሁ ነው? እኔ የምፈራላችሁ ጨለማውን አይደለም፤ እሱ ያልፋል። የምፈራላችሁ፣ ሳይሞት እንደ ሞተ ቆጥራችሁ አጠገቡ መቀመጣችሁን ነው።

ዛሬ ቤት ስትገቡ ነጠላውን ግለጡት። ይተነፍስ ይሆናል።